ከጀዊ ውጭ አገር፣ ደርሶ መልስ

በአገራችን ልማድ ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚመለከተው ሥጋውን ነው። «ወፈር ብለሃል፣ ተመችቶሃል» መባል እንደ ምርቃት ይቈጠራል። «ምነው ከሳህ?» መባል ግን ሐዘኔታ ነው፤ ከኋላውም «ምን አግኝቶት ይሆን?» የሚል በአፍ የማይነገር ጥያቄ ይከተላል። ቦርጭ ያወጣ ሰው ባይኖረውም ያለው ይመስላል፤ ጉንጩ የጐደጐደ ሰው ደግሞ ቢኖረውም ያጣ ይመስላል። እኛም ያደግነው በዚሁ ልማድ ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ እናቶቻችን ገና ሳይስሙን ጉንጫችንን በዓይናቸው ይመዝናሉ፤ የዩኒቨርስቲያችንንም ምግብ ቤት የሚፈርዱት በዚያው ሚዛን ነው።

ዳሩ ግን በገዛ ፈቃዱና በገዛ ድካሙ የከሳ ሰው ምን ይባላል? ከከሳ በኋላስ ድሉ ራሱ በሰውነቱ ላይ ሌላ ሸክም ቢተውበት ምን ያድርግ? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ዘንድሮ እቤታችን ድረስ መጥቶ የገጠመን ነው።

«እኛ» ስንል በአንድ ዶርም የምናድር አራት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ማለታችን ነው። ሁለታችን ጋምቤላ ያደግን ስንሆን ሁለቱ ጓደኞቻችን የጎጃምና የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ከመካከላችን የአንዱ አክስት፣ ዛሬ አራታችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ የሰውነታቸውን ትርፍ ቆዳ በኦፕራሲዮን ለማስወገድ ወደ ውጭ አገር መሄድ አሰቡ። ከሆስፒታሎች የሚመጡላቸውን ደብዳቤዎች እንድናነብላቸው፣ መልሱንም እንድንጽፍላቸው ጠየቁን። «አርትስ ተምራችሁ ምን ልትሆኑ ነው?» እያሉ ለሚቀልዱብን የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን ይህ በቂ መልስ ይመስለናል። እትዬ ይህን ጽሑፍ ሰምተው፣ ስማቸው እስካልተጻፈ ድረስ እንዲወጣ ፈቅደዋል።

የእትዬ የሥራ ቦታ ጀዊ ነው። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ገባ፤ ጀዊ ያሉት አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። አስቀድመው ካረፉባቸው መጠለያዎች አንዱ የሆነው ሌችዎር በ2006 ዓ.ም. ክረምት በጐርፍ ተጥለቀለቀ። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. ጀዊ ተከፈተና ሕዝቡ ወደዚያ ተዛወረ። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ይኖርበታል።

እትዬ እዚያ የሚሠሩት በሕፃናት ምግብ ክፍል ነው። ዋናው ሥራቸው ክንድ መለካት ነው። ዕድሜው ከስድስት ወር በላይ፣ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ሲመጣ ባለ ቀለም መለኪያ በግራ ክንዱ መካከል ላይ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ያሳያል። ቀይ ያሳየው ልጅ ፕላምፒ ነት የሚባለውን ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተሠራ ምግብ ያገኛል፤ አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ አለው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ወደማይገባው እጅ ገብቷል ተብሎ በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ በታገደ ጊዜ የስደተኞቹም ራሽን አብሮ ቆሞ ነበር፤ የተመለሰላቸው በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። እትዬ ያንን ክረምት ሲያስታውሱ «ቀይ ብቻ ያየሁበት ክረምት» ይሉታል።

እንግዲህ የከሱ ሕፃናትን ክንድ ሲለኩ የሚውሉት እኒህ ሴት ራሳቸው 128 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። የስኳር በሽታ ያዛቸው፤ ጉልበታቸውም አልታዘዝ አለ። ሐኪማቸው «በዚህ ከቀጠሉ ዓይንዎ ወይም እግርዎ ይሄዳል» አሏቸው። እትዬ ቆራጥ ሰው ናቸው። ስኳር ከሻይና ከቡና አወጡ፤ የእንጀራውን ቍጥር ቀነሱ፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየዋጡ ማለዳ ማለዳ ከባሮ ድልድይ ወዲህና ወዲያ መራመድ ጀመሩ። በሁለት ዓመት ተኩል 55 ኪሎ ጣሉ። ስኳራቸው ወረደ፤ ጉልበታቸውም ዳነ።

ሥጋው ሄደ፤ ቆዳው ግን ቀረ።

የሕክምና ወንድሞቻችን እንዳስረዱን፣ ቆዳን ወጥረው የሚይዙት ኮላጅንና ኢላስቲን የሚባሉ ክሮች ናቸው። ለብዙ ዓመት ሲለጠጡ እንደ አሮጌ የመቀነት ላስቲክ ይላሉ፤ ውስጡ ቢጐድልም ተመልሰው አይሰበሰቡም። ስፖርት ጡንቻን ያፈረጥማል እንጂ ቆዳን አያሳጥርም፤ ቅባትና ማሸትም አይረዱትም። እትዬ ከእምብርታቸው በታች የወረደው እጥፋት ጭናቸው ላይ ያርፋል። የጋምቤላ ሙቀት በየካቲትና በመጋቢት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ በእጥፋቱ ውስጥ የሚታቈረው ላብ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ያቈስለዋል፤ ከዚያም ፈንገስ ይገባበታል። በእነዚያ ወራት ሥራ የማይገቡባቸው ቀኖች አሉ። ይህን ሁሉ እትዬ ለወሬ ብለው አልነገሩንም። ሆስፒታሎቹ የላኩት መጠይቅ ይጠይቃል፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ እየተመለከቱ ይመልሳሉ፤ እኛም ዓይናችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ እንጽፋለን። ለእናት እኅት ያልተነገረ ነገር ለአንድ ለማያውቁት ሆስፒታል በእንግሊዝኛ ሲተረጐም ምን ያህል እንደሚከብድ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ሌላም ሸክም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል ኤች.አይ.ቪ. በደሙ የሚገኝበት ሰው በጋምቤላ 4.8 ከመቶ ነበር፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እንዲህ ባለ አገር አንዲት ሴት በአጭር ጊዜ ግማሽ ሰውነቷን ስታጣ ጎረቤት የሚያስበው የታወቀ ነው። አንዳንዱ በሹክሹክታ፣ አንዳንዱ «አይዞሽ፣ ዛሬ መድኃኒት አለው» በሚል ማጽናኛ ይመጣል። እትዬ ምርመራቸውን እያሳዩ አይዞሩም፤ ዝም ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የጀዊዋ እናት ነገር ነው። ክፉኛ የከሳ ሕፃን መቀመጫው ላይ ያለው ቆዳ ተጣጥፎ ይንጠለጠላል፤ ሐኪሞች ሰፊ ሱሪ የለበሰ ይመስላል ብለው ምልክቱን በዚሁ ይጠሩታል። ጀዊ ውስጥ እንግዲህ የተንጠለጠለ ቆዳ ትርጕሙ አንድ ብቻ ነው፤ ረኀብ ነው። አንድ ቀን እትዬ የአንድ ልጅ ክንድ ሲለኩ እጀታቸው ወደ ላይ ተሰበሰበና የራሳቸው ክንድ ቆዳ ተንጠልጥሎ ታየ። እናቲቱ አየችው። በአስተርጓሚ «አንቺንስ ምን ረኀብ አገኘሽ?» ብላ ጠየቀች። እትዬ በፈቃዳቸው እንደ ከሱ ሲያስረዱ አስተርጓሚው ያልሰማ መስሎት ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። እናቲቱ ከልጇ ፓኬቶች አንዱን አንሥታ ወደ እትዬ ዘረጋች። እትዬ አመስግነው መለሱላት። ያን ቀን ማታ ለወንድማቸው ደውለው «የኦፕራሲዮኑ ነገር ይቅር፤ አፈርኩ» አሉ።

ወንድማቸው ውጭ አገር ነዋሪ ናቸው። ገንዘቡን እንከፍላለን ብለው እኅታቸውን የወተወቱት እሳቸው ነበሩ። ደብዳቤው በእጃችን ነበርና ጉዳዩ በዶርማችን ሦስት ሌሊት አከራከረን። የጎጃሙ ጓደኛችን «ራሽን በሚቈረጥበት ቦታ የምትሠራ ሴት ከ5 ሺህ ዶላር የማያንስ ገንዘብ ለቆዳ ታውጣ? ይህ ከሕሊና ጋር አይስማማም» አለ። የአዲስ አበባው ደግሞ «እንግዲያስ በዚህ አገር ጥርሱን የሚያስተክል ሁሉ ይከሰስ፤ ለሠርግ ድንኳን የሚጥልም ይከሰስ፤ ስለ ምን ክሱ ከእትዬ ይጀምራል?» ብሎ መለሰለት። ክርክሩ ከዚያ ወደ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ከማኅበራዊ ፍትሕ ወደ ፈላስፎች ዘለቀ፤ እንደ ተለመደውም የጎረቤት ዶርም ተማሪዎች ግድግዳ እስኪደበድቡ ድረስ ቀጠለ።

በመጨረሻ ያስታረቀን ነገር ቀላል ነበር። የተራበው ልጅ ቆዳ ምግብ ሲያገኝ ይሞላል። የእትዬ ቆዳ ግን በመብላትም በመጾምም አይድንም። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው መለካት አይቻልም። እትዬ ቍስላቸውን ቢታገሡ የማንም ሕፃን ክንድ ከቀይ ወደ አረንጓዴ አይሻገርም፤ ወንድማቸው ለኦፕራሲዮን ያሰቡት ገንዘብም ወደ ጀዊ መጋዘን አይገባም። ይልቁንም ቍስሉ ከሥራ ሲያስቀራቸው ያን ቀን የሚለካው ልጅ በአንድ ሰው ያንሳል። ራስን መቅጣት ምጽዋት አይደለም። ይህን ጽፈን ላክንላቸው፤ የጎጃሙም ጓደኛችን ፈረመበት።

ሰው ስለዚህ ሕክምና ያለው አመለካከት ከስሙ ጀምሮ የተጣመመ ነው። «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» ሲባል የእትዬ እናት «ላስቲክ ሊያስገቡባት ነው?» ብለው ደንግጠው ነበር። ቃሉ ግን ከግሪክ የመጣ ሲሆን መቅረጽ፣ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዛይስ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1838 የዚህን ሙያ መጽሐፍ ሲያወጣ ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ዕቃ ገና አልተሠራም ነበር። የተንጠለጠለ የሆድ ቆዳን ቈርጦ ማንሣትም አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም የነበረው ሐዋርድ ኬሊ በ1899 ስለዚህ ኦፕራሲዮን ጽፎ ነበር። ሙያው በሰፊው ያደገው ደግሞ በውበት ገበያ ሳይሆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ኒው ዚላንድ የተወለደው ሃሮልድ ጊሊስ ፊታቸው በጥይት የፈረሰ ወታደሮችን በእንግሊዝ አገር ይጠግን ነበር። የብራዚሉ ኢቮ ፒታንጊ ከሀብታሞች በሚያገኘው ገቢ ስሙ የገነነ ሐኪም ሲሆን፣ በ1961 በኒቴሮይ ከተማ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ ብዙ መቶ ሰው ባለቀ ጊዜ የተረፉትን ለማከም ሠርቷል፤ በሪዮ ደ ጃኔይሮም ድሆች የሚታከሙበት ክፍል አቋቁሟል። ሰው በገዛ አካሉ ሳይሸማቀቅ መኖር የባለጸጋ ብቻ መብት አይደለም ብሎ ያምን ነበር።

ከእኛ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ ግቢያችን አጠገብ የሚገኘው የየካቲት 12 ሆስፒታል በእሳት የተቃጠሉ ሰዎችን በማከም የታወቀ ነው። በየቀኑ በበሩ እናልፋለን። አለርትም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግር ሲያቃና ብዙ ዘመን ሆኖታል። ታዲያ እትዬ ስለ ምን እዚሁ አይታከሙም? ይህንኑ ጠየቅን። ኦፕራሲዮኑን እዚህም የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን በመንግሥት ሆስፒታል በላምባ ወይም በፈላ ውኃ የተቃጠለ ልጅ ሲመጣ እሱ መቅደሙ ትክክል ነው፤ እትዬም ራሳቸው «በዚያ ሰልፍ ፊት አልቆምም» አሉ። የግል ሐኪም ቤትም አስበው ነበር፤ ወንድማቸው ግን ገንዘቡን ውጭ ካለ ሆስፒታል ጋር ተነጋግረው ስለ ነበር አሳባቸው ወደዚያው አደላ።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎቹ እንመለስ። ሦስት ደብዳቤ መጥቶልናል፤ አንዱ ከቱርክ፣ ሁለቱ ከሕንድ። ሦስቱም በጣም ትሑታን ናቸው። ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበል መኪና፣ አስተርጓሚ፣ ለአስታማሚ የሚሆን አልጋ፣ የሆቴሉ ስም ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል። አንደኛው ሆድን፣ ክንድን፣ ጭንንና ጡትን በአንድ ጉዞ ጨርሰን እንልክዎታለን፣ ቅናሽም እናደርጋለን ይላል። እኛ በጽሑፍ ላይ ተምረናልና የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም መፈለግ ለመድን። ያልተጻፈው መመለስ ነው። እትዬ ከዚያ ከወጡ በኋላ ምን እንደሚሆኑ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሚገባ አላብራራም።

ይህን ለእትዬ ስናመለክት አብረን አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ለምክር ብቻ ሄድን። ሐኪሙ ዋጋ አልጠየቁም፤ አገሩንም አልጠየቁም። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። ክብደትዎ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው? የስኳርዎ የሦስት ወር አማካይ ስንት ነው? ጋምቤላ ሲመለሱ ቍስልዎን የሚያጥበው ማን ነው? በሦስተኛው ጥያቄ እትዬም እኛም ተያየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቅዱን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ጻፍነው። ለሌላው ሰው ይጠቅም ይሆናልና እንዳለ እናቀርበዋለን።

መጀመሪያ መመለሻው ነው። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ይደርሳል። ፈሳሽ የሚወጣበት ቱቦ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ በሰውነት ላይ ይቈያል። ሆድን አጥብቆ የሚይዝ ልብስ ለሳምንታት ይለበሳል፤ ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት አይፈቀድም። ይህን ልብስ በመጋቢት ጋምቤላ ውስጥ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ ጋምቤላ የኖረ ያውቀዋል። ስለዚህ እትዬ ከውጭ እንደ ተመለሱ በቀጥታ አይወርዱም፤ ስድስት ሳምንት ብርዱ በሚረዳቸው በአዲስ አበባ እኅታቸው ቤት ይቀመጣሉ። ጉዞው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ በኅዳር እንዲሆን ተቈረጠ፤ ሙቀቱ ጫፍ ከመድረሱ በፊት ቍስሉ እንዲደርቅ ነው። ቍስሉ ቢያመረቅዝ የሚያያቸው የአዲስ አበባ ሐኪም ከወዲሁ ተነጋግረው አገኙ። ከሆስፒታሉም የኦፕራሲዮኑ ሙሉ ሪፖርት፣ የተሰጡት መድኃኒቶች ስምና መጠን በጽሑፍ ካልተሰጣቸው እንደማይሄዱ ጻፍንላቸው። ከሌላ አገር ሆስፒታል ይዘውት የሚመጡት ተሕዋስ በተለመደው መድኃኒት የማይበገር ሊሆን ይችላልና ይህ ወረቀት ከፓስፖርቱ አያንስም።

ሁለተኛው በረራው ነው። ከትልቅ ኦፕራሲዮን በኋላ በእግር ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መብረር አደጋውን ያበዛዋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ለቅርጽ ማሳመሪያ ኦፕራሲዮን ሄደው ሞተዋል፤ ጉዳያቸው በዝርዝር ከታየው መካከል ብዙዎቹን የገደለው ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም ወይም ስብ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ መቀደድም አደጋውን ያባብሳል። ስለዚህ «አራቱንም በአንድ ጉዞ» የሚለውን ቅናሽ ሰረዝነው። የሚሠራው ሆዱ ብቻ ነው። ከሆስፒታል ከወጡም በኋላ ወዲያው አይሳፈሩም፤ ለሁለት ሳምንት እዚያው እንዲቈዩ ተሰላ። አስታማሚያቸው አብረው ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ሰውነቱ ነው። ክብደት ገና በሚወርድበት ጊዜ ቆዳን መቍረጥ ገና በሚያድግ ልጅ ልክ ልብስ እንደ ማሰፋት ነው፤ ሐኪሞች ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ክብደቱ እንዲቆም ይሻሉ። እትዬ ገና አምስት ወራቸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ በአንድ ዓመት ተገፋ። ደማቸው ሲመረመር ብረት ጐድሎ ተገኘ፤ ለረጅም ጊዜ ምግብ የቀነሰ ሰው ቍስል የሚያሽረው ፕሮቲንም ሊያንሰው ይችላል ተባሉ። ስለዚህ ለሰው ልጅ ፓኬት የሚያድሉት እትዬ አሁን ለራሳቸው እንቍላል፣ ምስርና የባሮ ዓሣ እየቈጠሩ ይበላሉ። ጎረቤቶችም «ተመስገን፣ ወዝሽ ተመለሰ» ማለት ጀምረዋል።

መጨረሻው ገንዘቡ ነው፤ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ኦፕራሲዮኑን ወንድማቸው በዶላር ይከፍላሉ። የበረራው፣ የሆቴሉና የአስታማሚዋ ወጪ ግን እትዬ በብር ካጠራቀሙት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእትዬ ቍጠባ ሳይነካ በግማሽ ቀነሰ። ስለዚህ ዋጋውን ያሰላነው ለመሄጃ ብቻ አይደለም፤ ቍስሉ ቢመለስ ለሁለተኛ ሕክምና የሚሆን መጠባበቂያ ካልተገኘ ጉዞው እንዲቀር እትዬ ራሳቸው ወሰኑ። መጠባበቂያ የሌለው እቅድ ተስፋ ነው እንጂ እቅድ አይባልም።

እትዬ አሁን ለኅዳር እየተዘጋጁ ነው። ከሦስቱ ሆስፒታሎች አንዱ ብቻ ስለ መመለስ የጻፍንለትን ጥያቄ አንድ በአንድ መለሰ፤ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ለመስጠት፣ ከተመለሱም በኋላ ከአዲስ አበባው ሐኪም ጋር ለመጻጻፍ ተስማማ። ዋጋው ከሦስቱ መካከለኛ ነው። እሱን መረጡ። ፍርሃት የለባቸውም ብንል እንዋሻለን፤ ስኳር ያለበት ሰው ቍስል ቀስ ብሎ እንደሚድን ያውቃሉ። ነገር ግን የሚፈሩትን ነገር በስሙ ያውቁታል።

ስለ ክንዳቸውስ ብለን ጠየቅናቸው። «ክንዴ ይቈይ፤ ክንዴ አያቈስለኝም» አሉን። ከዚያም ሳቅ ብለው፣ ያቺ እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ስታመጣ አስቀድማ የሳቸውን ክንድ ጨብጣ እንደምትመለከት፣ «ገና ነሽ» እያለችም እንደምትገሥጻቸው ነገሩን። የልጇ ክንድ ግን በመስከረም ወር አረንጓዴ አሳይቷል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በየቤታችን እንግሊዝኛ አንባቢዎች እኛ ብቻ ነን። ዛሬ ወይም ነገ አንድ አጎት ለልቡ፣ አንዲት እናት ለኩላሊቷ፣ አንድ ዘመድ ለጀርባው ወይም ለቆዳው ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ይዞ ወደ ዶርማችን ይመጣል። ያን ጊዜ «ቅንጦት ነው» ብለን ለመፍረድ አንቸኵል፤ ሕመምን ደረጃ ሰጥቶ ማሰለፍ የእኛ ሥራ አይደለም። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሂድ» ብለንም አንሸኝ። የተጻፈውን በትክክል እንተርጕምለት፤ ያልተጻፈውንም እንጠይቅለት። ለመሄድ መኪና የሚልክ ብዙ ነው። ሲመለስ ቍስሉን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ግን ከመሄዱ በፊት መታወቅ አለበት።